ኤችፒው ስንት ነው?

አጎቴ ከፎገራ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር የወጡት ለሁለት ጉዳይ ነበር፤ ጨጓራቸውን ለመታየትና የውሃ ፓምፕ ለመግዛት። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ስንገናኝ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሁለት ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አንዱን የሰጣቸው አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ሌላውን የፓምፕ ነጋዴ በእስክሪብቶ ሞነጫጭሮ አስይዟቸዋል። ሁለቱም ላይ በላቲን ፊደል ኤች እና ፒ ተጽፈዋል። በክሊኒኩ ወረቀት ከፊደሎቹ ቀጥሎ የመደመር ምልክት አለ፤ በነጋዴው ደግሞ 5.5።

«እስቲ አንብበው» አሉኝ። «ሆዴ ውስጥ አለ የተባለውና ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አንድ ነው?»

እኔ መልስ ሳልሰጥ አብሯቸው የመጣው የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ከስልኩ ቀና አለ። «አባባ፣ ኤችፒማ ነፍስ ነው። ካለቀ ያው ሞት ነው።»

እኔና አስተናጋጇ ሳቅን። አጎቴ አልሳቁም። ጨጓራውም የእሳቸው፣ ብሩም የእሳቸው ነው።

ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ያየ ሰው «አንድ ነገር ይሆን?» ቢል በትክክል አንብቧል ማለት ነው። ጥፋቱ ፊደሎቹን ከሙያ ቤታቸው አውጥቶ ገበሬ ኪስ ውስጥ የከተተው ሰው ነው። ይህንን ምዕራፍ የጻፍሁት ለአጎቴ በሻይ ቤት ወንበር ላይ ሆኜ የሰጠሁት መልስ አጭር ስለነበረ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ በከተማው ውስጥ ስዘዋወር ኤችፒ መቁጠር ጀመርሁ። ወፍጮ ቤት ሞተሩ ላይ በተለጠፈችው ቆርቆሮ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት በላፕቶፑ ክዳን ላይ ክብ ውስጥ ተቀምጧል። ጤና ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሠንጠረዥ አናት ላይ አለ። ክሊኒኩ ያው ነው። ልጆች ከተሰበሰቡበት ደጃፍ ደግሞ ከስልክ መስታወት ላይ ቀይ ሆኖ ብልጭ ይላል። አምስት ቤት፣ አምስት ትርጉም። ባለቤቶቹ ግን በየቤታቸው ሲጠሩት አንድ ቀን ተደናግረው አያውቁም።

በዕድሜ ታላቁ የወፍጮ ቤቱ ነው። በሞተር ዓለም ኤችፒ የፈረስ ጉልበት ማለት ነው፤ ነገሩም የጀመረው ከእውነተኛ ፈረስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምስ ዋት የሚባል የስኮትላንድ ሰው የእንፋሎት ሞተር ይሸጥ ነበር። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ወፍጯቸውን በፈረስ የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ስለ እንፋሎት ግፊት ቢሰብክላቸው አይሰሙትም። የሚያውቁት ቀለብና ፈረስ ነው፤ የሚጠይቁትም «ይህ ሞተርህ ስንት ፈረስ ይተካልኛል?» ብለው ነው። ስለዚህ ዋት ፈረሱን ለካው። የወፍጮ ፈረስ እንደ አውድማ በሬ በክብ ይዞራል። ከመሐሉ ምሰሶ እስከ ፈረሱ ያለው 12 ጫማ ነው። ፈረሱ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ የሚስበውም 180 ፓውንድ፣ በእኛ 82 ኪሎ ገደማ የሚከብድ ነገር ነው። ዋት እነዚህን አባዝቶ፣ ቁጥሩንም ለአፍ እንዲመች አጠጋግቶ፣ «አንድ የፈረስ ጉልበት» አለው።

በሚገባን ልክ ስንነግረው ሦስት አራተኛ ኩንታል እህል በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይህ የአውሮፓው ፈረስ ነው፤ 735 ዋት ይሆናል። የእንግሊዙ 746 ነው፤ በፓምፕ ግዢ ላይ ግን የሚያጣላ ልዩነት አይደለም። የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ዛሬ የፈረስ ጉልበትን ከመጻሕፍት እያስወጣ ያለው ኪሎዋት የሚጠራው በዚሁ ፈረሱን በለካው ሰው ስም ነው።

ዋት የለካው ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ የሚሠራ ፈረስን ነው። ደህና ፈረስ ለቅጽበት ሲስፈነጠር ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ሰው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ከጧት እስከ ማታ ሲለፋ የሚያወጣው ከአንዱ ፈረስ አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ይህችን አንድ አስረኛ ይዘን ከደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ጋፋት እንሂድ።

አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት ጋፋት ላይ ነው። ታላቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ገደሉን እየናዱና መንገዱን እየጠረጉ፣ መድፉን በጋይንት በኩል እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። እስቲ እናስላው። ገመዱ ላይ 500 ሰው ተሰልፏል እንበል፤ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ይጎትታል እንበል፤ ማንም አይለግም። 500 ሲካፈል ለ10፣ 50 የፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ሽንኩርት ጭኖ የሚያልፍ አንድ አይሱዙ የዚህን እጥፍ ይዞ ይሄዳል፤ ሾፌሩም በአንድ እጁ ጫት ይቀነጥባል። የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ የነበረ ንጉሥ የጎደላቸው ያው የፈረስ ጉልበት ነበር።

ወደ አጎቴ ፓምፕ ስመለስ፣ ነጋዴው 5.5 ብሎ ሲጽፍ አልዋሸም። ሙሉውን ግን አልተናገረም። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንና አየር ነው። አየር ደግሞ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሳሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሦስት አራተኛ በታች ነው። ለተራ ሞተር የተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት ያህል ጉልበት ይቀንሳል ይላል። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል አየር ነው። ፎገራ ሜዳ በ1,800 ሜትር ላይ ሲደርስ ከአምስት ተኩሉ ፈረስ አንዱ መንገድ ቀርቷል። ደብረ ታቦር ላይ ቢተከል አንድ ተኩል ይቀራል። ጉና ተራራ ወገብ ላይ የሚተክለው ሰው ካለ ደግሞ እግዜር ይርዳው።

ቻይኖች በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ከዓለም በር ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ይህንን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ። አሮጌው መኪና ማርሽ እየቀነሰ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ሰው በእግሩ ሊቀድመው ሲደርስ፣ ሲኖትራኩ አሸዋ ጭኖ በጎኑ ያልፋል። በሲኖው በር ላይ 371 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሞዴል ስም ይመስለዋል፤ የፈረሱ ቁጥር ነው። ምስጢሩ ግን ፈረሱ መብዛቱ ብቻ አይደለም። ሲኖው ቱርቦ አለው፤ በጭስ ማውጫው በሚወጣው ትንፋሽ የሚሽከረከር ማራገቢያ የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ስለዚህ ከፍታው እንደ አሮጌው አይጎዳውም። የጋይንት ሾፌር ይህንን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ «ቱርቦ ከሌለው ደጋ አይወጣም» ብሎ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ወረቀት። እዚያ ያለው ኤችፒ ፈረስ የለበትም፤ ሙሉ ስሙ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሆነ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የዓለም ሐኪሞች በጨጓራ አሲድ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት የለም ብለው ያምኑ ነበር። የጨጓራ ቁስል ከጭንቀት፣ ከአሲድ ብዛትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ይባል ነበር። እኛም ሀገር ጥፋቱ ሁሉ በበርበሬ ሲላከክ ኖሯል። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል የሕዋስ ምርመራ ሐኪምና ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም ግን በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ የተጠማዘዘች ባክቴሪያ ደጋግመው አዩ። የሚያምናቸው ሲጠፋ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያዋን አራብቶ ጠጣት። በቀናት ውስጥ አቅለሸለሸው፤ ጨጓራው ሲመረመርም ተቆጥቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

ባክቴሪያዋ አሲድ ውስጥ የምትኖርበት ዘዴ ቀላል ነው። ዩሪያን ሰባብራ አሞኒያ ታወጣለች፤ አሞኒያው በዙሪያዋ ያለውን አሲድ ያረግበዋል። በዓለም ላይ ከሁለት ሰው አንዱ ይህችን እንግዳ ተሸክሞ ይኖራል ይባላል። አብዛኛው ምንም አይሰማውም። በአንዳንዱ ላይ ቁስል፣ በጥቂቱ ላይ ካንሰር ታመጣለች። ሕክምናው ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያንና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን መውሰድ ነው። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ የሚያቋርጥ ሰው ጠንካሮቹን ባክቴሪያዎች አስቀርቶ ደካሞቹን ብቻ ገደለ ማለት ነው።

የመደመር ምልክቷም ራሷ አሳሳች ናት። አጎቴ «መልካም ነው፣ ጨምሯል» ማለት መስሏቸው ነበር። በሐኪም ቤት ግን ፖዘቲቭ ማለት የፈለግነው ነገር ተገኝቷል ማለት ነው፤ የተፈለገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነገር አይደለም።

ስሟ ውስጥ ያለው ፓይሎሪ ከግሪክ የመጣ ነው፤ በረኛ ማለት ነው። ጨጓራ ወደ አንጀት የሚከፈትበት ጠባብ በር ስሙ ይኸው ነው፤ የበሰለውን ያሳልፋል፣ ያልበሰለውን ይመልሳል። ባክቴሪያዋ በበረኛው አጠገብ ስለተገኘች ስሙን ወረሰች። ኤች የተባለችው ግን ቆይታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1989 ድረስ ካምፒሎባክተር ትባል ነበር። አጎቴ በዚያ ዘመን ቢታመሙ ኖሮ ወረቀታቸው ላይ የሚጻፈው ሲፒ ነበር፤ እኔም ይህንን ምዕራፍ አልጽፍም ነበር።

በረኛን ካነሣን አይቀር ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሠንጠረዥ እንለፍ። እዚያ ኤችፒ ሄልዝ ፖስት ነው፤ ጤና ኬላ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው አንዳንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለ5,000 ሕዝብ ገደማ የሚል ሐሳብ ይዞ ነበር። የተረጎመው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እስመው ነበር፤ «ፖስት» ለሚለው ቃል «ኬላ»ን ያገኘው ሰው። ኬላ ድሮ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ መንገደኛ የሚፈተሽበት በር ነው። በሽታ ወደ ሰፈር እንዳይገባ የሚጠብቅ በር፣ ጤና ኬላ። ጨጓራ ላይ በረኛ፣ ቀበሌ ላይ ኬላ፤ ሁለቱ ኤችፒዎች እዚህ ላይ ሳይተዋወቁ ተገናኙ። አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ቁም ነገር አላወጣበትም።

አደጋው ያለው ግን እዚሁ ጎረቤት ነው። ሞተርና ጨጓራ ተራርቀው ስለሚኖሩ አይምታቱም፤ አጎቴን የመሰለ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን ቤት ካልጎበኘ በቀር። ጤና ኬላና የጨጓራ ባክቴሪያ ግን የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የወረዳ ሪፖርት ላይ በኤችፒ ሥር 14 የሚል ቁጥር ብታዩ 14 ጤና ኬላ ነው ወይስ 14 ታማሚ? የጻፈው ሰው ያውቃል። ያ ሰው ሲዛወር ግን ዕውቀቱንም ይዞት ይሄዳል።

የልጁ ኤችፒ ታሪኩ አጭርና ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዴቭ አርንሰን የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር በዳይስና በወረቀት የጦርነት ጨዋታ ይጫወት ነበር። በጨዋታው ሕግ አንድ ጊዜ የተመታ ጀግና ይሞታል። ጓደኞቹ ስንት ቀን የደከሙበት ጀግና በአንድ ዳይስ ሲቀጠፍ ተቆጡ። አርንሰንም ከመርከብ ጦርነት ጨዋታ አንድ ዘዴ ተዋሰ። የብረት መርከብ በአንድ ጥይት አትሰጥምም፤ ስንት ምት እንደምትችል የተቆጠረ ነው። ያንን ቆጠራ ለሰው ሰጠው፤ ሂት ፖይንት፣ የምት ነጥብ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ባሳተሙት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በሚባለው ጨዋታ አማካይነት ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ፍሪ ፋየር የሚጫወት የደብረ ታቦር ልጅ በ200 ኤችፒ ሲጀምር የያዘው የመርከብ ቆዳ ነው።

ልጆቹን ሲዘረዘር ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ «ሄልዝ ፖይንት» ይሏችኋል፤ የጤና ነጥብ። ሂት የነበረው ሄልዝ ሆነ። ፊደሎቹ እዚያው ተቀምጠው ሳለ ከሥራቸው ያለው ቃል ተለወጠ፤ ጨዋታው ግን አልተበላሸም። የአጎቴ የልጅ ልጅ «ነፍስ ነው» ሲል ሦስተኛ ትርጉም ጨመረበት፤ እንደኔ እንደኔ ከሁለቱም የተሻለው የሱ ነው።

የላፕቶፑን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። ቢል ሄውሌት እና ዴቭ ፓካርድ የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1939 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ድርጅት ሲያቋቁሙ የማን ስም ይቅደም በሚለው ላይ ሳንቲም ጣሉ። ሄውሌት ቀደመ። ሳንቲሙ በሌላ ጎኑ ቢወድቅ ኖሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ላፕቶፕ ፒኤች ይባል ነበር፤ ፒኤች ደግሞ የአሲድ መለኪያ ስለሆነ የኬሚስትሪ መምህራን ጣጣ ውስጥ ይገቡ ነበር።

አንድ ሌላ መደናገሪያ የሚመጣው ከአፋችን ነው። ፐ በፊደል ገበታችን መጨረሻ ላይ የተቀመጠች፣ ለባዕድ ቃል የገባች ፊደል ናት። የሀገራችን ሽማግሌ ፖሊስን «ቦሊስ»፣ ፖስታን «ቦስታ» ይላል። አጎቴም በመጀመሪያ ያሉኝ «ኤችቢ» ነበር። ኤችቢ ደግሞ ለሐኪም የደም ቀይ ንጥረ ነገር፣ ለተማሪ የእርሳስ ዓይነት ነው። ወረቀቱን ባያሳዩኝ ኖሮ ደም አንሷቸዋል ብዬ ጉበት እገዛላቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። በከፊል እውነት አለው፤ ግን የኛም ቤት ይታይ። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚወጣ ደብዳቤ አናት ላይ «አብክመ የደ/ጎንደር ዞን» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከግርጌው ደግሞ «ደ/ታቦር» ይላል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት «ደ/»። የላይኛዋ ደቡብ ናት፣ የታችኛዋ ደብረ። ደ/ወሎ ደቡብ ናት፣ ደ/ማርቆስ ደብረ። አንድም ሰው ደብረ ጎንደር ወይም ደቡብ ታቦር ብሎ ሲያነብ ሰምቼ አላውቅም።

ለምን? የኛ እዝባር የቃሉን ጅራት ስለማይቆርጥ ነው። ፈረንጅ ሲያሳጥር ከየቃሉ ራስ ራሱን ቆርጦ ይወስዳል፤ ኤች፣ ፒ፣ አለቀ። እኛ ራሱን ይዘን ሆዱን ጥለን ጅራቱን እናስቀራለን። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ መ/ር፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ላ/ጋይንት። መ/ር ብሎ መሥሪያ ቤት የሚል የለም፤ ር ትይዘዋለች። ጅራቱ መያዣ እጀታ ነው። አብክመ፣ የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት፣ ግን እጀታ የለውም፤ አዲስ ሰው ሲያነበው የሰው ስም የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ.ም እንደዚያው ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንደጻፍሁት እያየሁ አፍራለሁ። የፎገራ ገበሬ ደግሞ ለብዙ ዘመን የዘራውን ሩዝ «ኤክስ ጅግና» ሲለው ጅግና ቦታ መሆኗን ያውቃል፤ ኤክሷን ግን ማንም አይጠይቃትም። እጀታ ከሌለው ፊደል ጋር የምንኖረው እንዲህ ነው፤ ትርጉሙን ሳይሆን ጣዕሙን ለምደን።

እጀታ ሳይኖረው ለዘመናት ያልተምታታ ምህፃርም አለን፤ እሱን ለማየት ግን ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም መሄድ ያስፈልጋል። ቤተልሔም የድጓ ምስክር ናት፤ ድጓ የተማረ ሰው ሊያስመሰክር የሚሄደው ወደዚያ ነው። የድጓን ብራና ገልጣችሁ ብታዩ ከጽሑፉ መስመር በላይ ደቃቅ ፊደሎች ተሰግስገዋል፤ ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዷ ምልክት ከአንድ የታወቀ የዜማ ሐረግ ላይ የተቆነጠረች ፊደል ወይም ሁለት ሦስት ፊደል ናት። ተማሪው ስታጋጥመው ያንን ሐረግ ያስታውሳል፤ ከሐረጉም ዜማውን አንሥቶ ከሥሯ ባለው ቃል ላይ ያዜመዋል። ፊደሏ የምታሳጥረው ቃል አይደለም፤ ድምፅን ነው። ሊቃውንቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ ምልክቱን ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣሉ።

የእነዚህ ምልክቶች ቁጥር ከ500 በላይ ነው። ሁለት ፊደል የያዘች ደቃቅ ምልክት፣ እንደ ኤችፒ፣ ራቁቷን ናት። ነገር ግን ተማሪው ምልክቷን ብቻዋን አያነባትም። መጀመሪያ የሚጠይቀው ዜማው ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው ወይስ አራራይ? ቤቱን ሳያውቅ ፊደሏን አይነካም። ቤቱን የሚነግረው ደግሞ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት የኔታ ናቸው፤ ሲስት ይመልሱታል፣ ደግሞ ሲስት ደግመው ይመልሱታል፣ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ምልክቱን ያለ መምህር ከብራና ላይ ብቻ ተምሮ ያስመሰከረ ሰው የለም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ኤችፒን ከጌታው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ከሥልጠናዋ፣ የ13 ዓመቱ ልጅ ከጓደኞቹ እንደተማረ ሁሉ፣ የድጓ ተማሪም ምልክቱን ከሰው አፍ ነው የሚቀበለው። ልዩነቱ የኔታ ምልክት ጽፈው ለመንገደኛ አይሰጡም።

ክሊኒኩና ነጋዴው ያደረጉት ግን ያንን ነው። ሁለቱም ለሙያ ጓደኛቸው የሚጽፉትን ለአጎቴ ጻፉላቸው። ይህም የስንፍና እንጂ የችኮላ አልነበረም፤ ፓምፕ ነጋዴው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከሰው ጋር ዳማ ይጫወት ነበር።

ወረቀቶቹን ገልብጬ በጀርባቸው በአማርኛ ጻፍሁላቸው። በአንዱ ላይ፦ «የጨጓራ ባክቴሪያ፤ ተገኝቷል። መድኃኒቱን ለ14 ቀን ሳያቋርጡ ይውሰዱ።» በሌላው ላይ፦ «አምስት ተኩል የፈረስ ጉልበት። ፎገራ ላይ አራት ተኩል ብለው ይቁጠሩት።» ሁለቱን ለመጻፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም፤ ሻዬ እንኳ አልበረደም።